አያ ፋንታና የማይፋቀው ማስታወቂያ

ከስፌት መኪናዬ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ የአያ ፋንታ ሱቅ አለ። ባልዲ፣ ጆግ፣ ጃንጥላ፣ ሸበጥ፣ የእጅ ባትሪ፣ ሬዲዮ፣ ገመድ፣ ቁልፍ፤ በቢቸና የሚፈለግ ዕቃ ሁሉ እዚያ ይገኛል። አያ ፋንታ ሲሸጥ አፉ ማር ነው። «ይሄ እኮ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ነው» ይላል፣ የአንድ ክረምት ጃንጥላ እየዘረጋ። ከሸጠ በኋላ ግን ያንን ዕቃ ዳግመኛ ማየት አይፈልግም። እኔ በረንዳዬ ላይ ሆኜ ስሰፋ፣ ሰው እየሳቀ ገብቶ በማግስቱ እየተራገመ ሲወጣ እያየሁ ነው የኖርኩት።

ቂም እንዳለኝ አልደብቅም። ስሰፋ እንዲያጫውተኝ ብዬ ከሱ ሬዲዮ ገዝቼ ነበር። ሬዲዮው ሱቁ ውስጥ ዘፈነ፣ ደጃፉ ላይ ዘፈነ፣ መንገዱን ስሻገር ዝም አለ። እዚያው መንገዱ መሐል ዞሬ ተመለስኩ። አያ ፋንታ ሊነካው እንኳ አልፈለገም። ሱቁ ሙሉ ሰው እያለ «ሥርጉት፣ ጥለሽው ነው» አለኝ። አልጣልኩትም። እንደ ሕፃን አቅፌው ነበር። እሱ ግን ጣቱን ወደ ግድግዳው ቀሰረ፤ ግድግዳው ላይ ያ ማስታወቂያ አለ። ሬዲዮዬን በጨርቅ ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ ከተትኩት፤ አላሠራሁትም፣ አልጣልኩትምም። አንዳንድ ዕቃ ለማስረጃ ይቀመጣል።

ስለ ማስታወቂያው ልንገራችሁ። ሌላው ባለሱቅ ካርቶን ቀዶ በእስክሪብቶ የሚሞነጫጭረውን አያ ፋንታ በብራና አስጽፎታል። መሪጌታ ወልደ ኪዳን የሚባሉ፣ ቅስናም ያላቸው የሞጣ ቁም ጸሐፊ በቢቸና ሲያልፉ የእጅ ባትሪ ፈልገው ገቡ። አያ ፋንታ ገንዘቡን ትቶ «በምትኩ አንድ መስመር ይጻፉልኝ» አላቸው። መሪጌታም ከኮሮጇቸው ቁራጭ ብራና አወጡና ባንኮኒው ላይ ደገፍ ብለው፣ ፊደሉን በቀይና በጥቁር ቀለም እያሳመሩ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብለው ጻፉ። ሥራው እዚህ ላይ ማብቃት ነበረበት።

ነገር ግን መሪጌታ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዳዊትና ድርሳን ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸው። መጽሐፍ ተጽፎ ሲያልቅ ከግርጌው የምትገባ ቃል አለች፤ እጃቸው ያቺን ሳይጽፍ ብዕር አስቀምጦ አያውቅም። ስለዚህ ከአይመለስም በታች፣ ደቀቅ ባለ ፊደል፣ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ይኩን» ብለው ጨመሩበት። የሰረቀውም የፋቀውም የተወገዘ ይሁን ማለት ነው። የባልዲና የሸበጥ ማስታወቂያ በሁለት ሐዋርያት ተጠበቀ። አያ ፋንታ ጭራሽ ደስ አለው፤ በአራት ሚስማር ቸነከረው።

ብራናው በሰላም ብዙ ዘመን ኖረ። ከዚያ ሰሎሜ መጣች።

ሰሎሜ አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች፣ ንግድ ጽሕፈት ቤት የተመደበች ልጅ ናት። ቀጠን ያለች፣ ጫማዋ ሁልጊዜ ንጹሕ፣ ስትናገር ረጋ የምትል። የዘንድሮ ፋሲካ ሲቃረብ በየሱቁ እየዞረች ዋጋ ለጥፉ፣ ደረሰኝ ስጡ ስትል ሰንብታ እኛ ሰፈር ደረሰች። እኔ ክር የማስገባ መስዬ መኪናዬን አቆምኩ።

ግድግዳውን ቀና ብላ አየችና «አባቴ፣ ይሄ መነሳት አለበት» አለችው። «ሸማች የገዛው ዕቃ ጉድለት ካለበት ሊለወጥለት ወይም ገንዘቡ ሊመለስለት ይገባል። ሕጉ ነው። አይመለስም ብሎ መለጠፍ አይቻልም።»

«ልጄ፣ እኔ ከደብረ ማርቆስ አከፋፋይ ነው የማመጣው» አለ አያ ፋንታ። «በካርቶን እንደ ታሸገ ይጭንልኛል። ተበላሸ ብዬ ብመልስ ያባርረኛል። እኔ የማልመልሰውን እንዴት ልቀበል?»

«ሸማቹ የሚያውቀው እርስዎን ነው።»

«እኔን አውቆ ነዋ የሚገዛኝ!»

«እስከ ሰኞ ካልተነሳ ሱቁ ይታሸጋል» አለችና ሄደች።

አያ ፋንታ ወንበር ላይ ዘጭ አለ። እውነቱን ልናገርና ለመጀመሪያ ጊዜ አሳዘነኝ። ለፋሲካ ብሎ ያመጣው ብርጭቆና ጆግ እስከ ጣሪያው ተደርድሯል። የዓመት ጉርሱን የሚያገኘው በዚያ ገበያ ነው። የፋሲካ ገበያ ሲውል ሱቁ ታሽጎ ደጃፉ ላይ ቆሞ ማየት ለቢቸና ነጋዴ ከሞት አይሻልም። ሚስቱ ይርጋነሽ «ታዲያ ንቀለውና እንረፍ!» አለችው። አያ ፋንታ መዶሻ ይዞ ሄደ። ሚስማሩ ሥር ሲደርስ ደቃቃዋ ጽሕፈት ታየችው። መዶሻውን ይዞ ተመለሰ።

እንግዲህ ሰፈሩ ሁሉ ያወጣና ያወርድ ጀመር። ግዝቱ ለሰረቀና ለፋቀ ነው፤ ሚስማር መንቀል ከየትኛው ነው? ግማሹ ከመስረቅ ነው አለ፣ ግማሹ ከመፋቅ። ግዝቱ ሚስማር ነቃይን አይነካውም ያለ አንድም አልነበረም። አናጢ ተጠራ፤ አናጢው ቀና ብሎ አነበበና መዶሻውን ኪሱ ከተተ። ማንበብ የማይችል ሰው ይፈለግ ተባለና አንድ ተሸካሚ ተገኘ። ከወንበሩ ላይ ሆኖ «ለመሆኑ ምን ይላል?» ብሎ ጠየቀን። በጾም እንዴት ይዋሻል? ነገርነው። ወረደ።

ይርጋነሽ «እንጋርደው» አለች። መጋረጃውን የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ቆንጆ አበባ ያለበት። ይህ ደግሞ የባሰ ሆነ። ለዓመታት ቀና ብሎ አይቶት የማያውቅ ገበያተኛ ሁሉ መጋረጃውን እየገለበ ማንበብ ጀመረ። ሰሎሜ ተመልሳ ስታየው «ተጋርዷል እንጂ አልተነሳም» አለች። ከዚያ በትዕግሥት «እሺ፣ እኔ አነሳዋለሁ» ብላ ጫማዋን አውልቃ ወንበር ላይ ወጣች።

እጇን ዘረጋች፤ ብራናውን ልትነካ ስትል ቆመች። ትንሽ አሰበችና ስልኳን አወጣች። «እማዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» ብላ ነገሩን አስረዳች። ከአዲስ አበባ የመጣው ድምፅ እኔ በረንዳ ድረስ ተሰማ፦ «ውረጂ! አሁኑኑ ውረጂ! ደመወዝሽ ለዚህ አይበቃም!»

ሰሎሜ ወርዳ ጫማዋን አደረገች። «ሰኞ ግን ሰኞ ነው» አለች፣ ፊቷ ቀልቶ። «ሕጉ ለግዝት የተለየ ቀን አልሰጠም።»

አያ ፋንታ ወደ ቄስ ገብረ ሚካኤል ሮጠ። እሳቸውም ነገሩን ሰምተው ሲጨርሱ «የገዘተው በሕይወት ሳለ እኔ ምን ቤት ነኝ? ያሰረ ይፍታ» ብለው መለሱት። ያሰረው ሞጣ ነው። እሑድ ማለዳ አያ ፋንታ ጧፍና ስኳር፣ የእጅ ባትሪዎችም በከረጢት ይዞ መኪና ተሳፈረ። ሰሎሜ «መንግሥት ይመስክርልኝ» ተብላ ተለምና ሄደች። እኔ ደግሞ ሞጣ ክር መግዛት ነበረብኝ። ቢቸና ክር የለም ወይ ያለኝ ሰው አልነበረም።

መንገድ ላይ አያ ፋንታ ስለ አከፋፋዩ ሲያማርር ቆየ። ደብረ ወርቅን ካለፍን በኋላ ግን ነገሩ እየቀነሰ፣ ሞጣ ስንገባ ጭራሽ ዝም አለ። «ምነው?» ብዬ ብጠይቀው «ወገቤን» አለኝ። ሰው ወገቡን ሲያመው ግንባሩን አያልበውም።

መሪጌታ ወልደ ኪዳን ከቅዳሴ ወጥተው አጥር ግቢው ጽድ ሥር ቁጭ ብለዋል። ጢማቸው ነጭ፣ ጣቶቻቸው በቀለም የጠቆሩ ሽማግሌ ናቸው። አያ ፋንታ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና ስጦታውን አቅርቦ፣ ሱቁ ሊታሸግ መሆኑን፣ ግዝቱ እንዲፈታለት፣ ሁሉንም ተናገረ። መሪጌታ ስኳሩንም ጧፉንም አልነኩም። አየት አድርገውት እዚያው አጠገብ ወዳለው ጎጇቸው ገብተው፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ወጡ። እኔ ጨርቁን ሳየው ተጠጋሁ፤ የኔ ሬዲዮ እንደዚያው ነው የተጠቀለለው። ሲፈቱት የእጅ ባትሪ ነው።

«ይህን ታውቀዋለህ፣ ፋንታ?»

አያ ፋንታ መሬት መሬት አየ።

መሪጌታ ወደ ሰሎሜ ዞሩ። «የጽሕፈቴ ዋጋ ነው፣ ልጄ። ከመኪና ወርጄ ወደ ቤቴ ስሄድ ወንዙ ላይ ስደርስ ጠፋ። ወደቅሁ። የጀመርኩት ዳዊት ውኃ ገባበት። በማግስቱ ተሳፍሬ ቢቸና ተመለስኩ። ይሄ ሰው ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ምንም አላለኝም። ጣቱን ወደ ግድግዳው ቀሰረ። በገዛ እጄ ጽሕፈት ተባረርኩ።»

ይህን ሁሉ እኔ አላየሁም። ያን ቀን ልቅሶ ሄጄ ነበር፤ በዚያ ሱቅ ከተደረገው ያመለጠኝ ነገር ቢኖር ይኸው ነው።

«የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ አያ ፋንታ። «ጥፋቱ የአከፋፋዩ ነው።»

«አከፋፋዩ ከየት አመጣው?»

«ከአዲስ አበባ።»

«የአዲስ አበባውስ?»

«ከቻይና ነው መሰለኝ።»

«እኔ ታዲያ ባትሪዬን ይዤ ቻይና ልሂድ?»

ሰሎሜ ሳቋን አፍና «የለም፣ የኔታ» አለች። «ለዚህ ነው ሕጉ የወጣው። እርስዎ የሚሄዱት እሳቸው ዘንድ ነው። እሳቸው ወደ አከፋፋዩ ይሂዱ፤ አከፋፋዩም ወደ ሻጩ። ደግሞ እርስዎ በማግስቱ ነው የመጡት፤ ቀን አላሳለፉም።»

«ሕግ ሳይወጣም አውቀው ነበር» አሉ መሪጌታ። ከዚያ አያ ፋንታን ቀና ብለው አዩትና «ግዝቱን ሸጬልሃለሁ፣ ፋንታ። ዋጋውም ይኸው። አንተው እንዳስጻፍከኝ፣ የተሸጠ አይመለስም» አሉት።

አያ ፋንታ ተንበረከከ። ያ ባንኮኒውን ተደግፎ እንደ ዳኛ ሲፈርድ የኖረ ሰው አፈር ላይ ተንበርክኮ ሳየው ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። አላለኝም። «የኔታ፣ ልጆቼን ምን ላብላ? በአዲስ ልለውጥልዎ» አለና ከከረጢቱ አንድ የእጅ ባትሪ አውጥቶ በሁለት እጁ ዘረጋላቸው።

«አብራው» አሉት።

ተጫነው። አልበራም። መታ አደረገው። አልበራም። ሁለተኛውን አወጣ፤ እሱም አልበራም። የደብሩ ሰው ሁሉ ከቦ ማየት ጀመረ። የአያ ፋንታ ጆሮ ቀላ። ያን ጊዜ የገባኝ ነገር አለ፦ ይህ ሰው እየሳቀ ሲያታልለን የኖረ ይመስለኝ ነበር እንጂ፣ ለካ የሚሸጠውን ዕቃ አንድ ቀን እንኳ አብርቶ አያውቅም። እንደ ታሸገ ገዝቶ እንደ ታሸገ ይሸጣል፤ ከዚያ በእግዜር ይተማመናል። ሦስተኛው በራ። አያ ፋንታ «በራ! በራ!» ብሎ ጮኸ፤ ካህናቱ ሳቁ።

መሪጌታ ተቀበሉትና መስቀላቸውን አውጥተው «እግዚአብሔር ይፍታህ፤ ብራናውን በእጅህ አንሳው» አሉት። አያ ፋንታ መስቀል ተሳልሞ ሲነሳ ፊቱ እንባም ሳቅም ነበር። መሪጌታ ይህ ሆዳቸውን አላባባውም አልልም፤ «ባዶ ግድግዳ አያምርም፣ ሌላ ልጻፍልህ» ብለው ገቡ። ሰሎሜ የሚጻፈውን በቃል ነገረቻቸው። ጽፈው ሲወጡ ብራናውን ጠቅልለው በክር አስረውታል። «ቤትህ ስትደርስ ፍታው» አሉ።

ሰኞ ጠዋት ሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቦ፣ አያ ፋንታ አማትቦ አሮጌውን ብራና ነቀለ። ምንም አልሆነም። አዲሱን ዘርግቶ ቸነከረው። በቀይ ቀለም፣ በሚያምር ፊደል፣ «የተበላሸ ዕቃ ይመለሳል» ይላል። ሰሎሜ አጨበጨበች። ይርጋነሽ እልል አለች። አያ ፋንታ ወረድ ብሎ ሊያየው ራቅ አለ፤ ከዚያ ዓይኑ ጠበበ፣ ወደ ግድግዳው ተጠጋ፣ አንገቱን አሰገገ።

ከግርጌው፣ ደቀቅ ባለ ፊደል፣ ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ።

ሰሎሜም አነበበች። «ቀንም አልጻፉበትም!» አለች ደንግጣ። «እኔ የነገርኳቸው በሕጉ በተወሰነው ቀን ውስጥ ብለው እንዲጽፉ ነው። ሕጉ እንኳ እንዲህ አይልም! ጨምሩበት።» ብዕር አውጥታ ለሰፈሩ ዘረጋች። ማንም አልተቀበላትም። ራሷም መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሞጣ ስልክ ተደወለ። መሪጌታ «አይ፣ እጄ አመል ሆኖበት» አሉ። ድምፃቸው ግን የሚያዝን ሰው ድምፅ አልነበረም።

ከቀትር በኋላ ሰልፉ ጀመረ። ወሬው የሠራውን ያህል የአያ ፋንታ ዕቃ ቢሠራ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር። ሽቦው የተሰበረ ጃንጥላ፣ እጀታው የወለቀ ጆግ፣ አንድ እግር ሸበጥ፣ መክፈትም መቆለፍም የማይችል ቁልፍ መጣ። አንዱ የአባቱን ዶማ ይዞ መጣ፤ አያ ፋንታ ዶማ ሸጦ እንደማያውቅ ይርጋነሽ ምላ አስወጣችው። አያ ፋንታ እያንዳንዱን ዕቃ ሲቀበል አንድ ጊዜ ብራናውን፣ አንድ ጊዜ ሰሎሜን ያያል። ሰሎሜ ግራ ገብቷት እዚያው ቆማ፣ የሰፈሩን ሰው «ሁሉንም በአንድ ቀን አታምጡ እንጂ» እያለች ስትለምን ዋለች።

በማግስቱ አያ ፋንታ የተበላሸውን ሁሉ በማዳበሪያ ጭኖ ማርቆስ ወረደ። እዚያ የሆነውን የጫነው ሾፌር ነው የነገረኝ። አከፋፋዩ እንደ ልማዱ «የተሸጠ አይመለስም» አለው። አያ ፋንታ መለስ ብሎ «እሱን ማስታወቂያ እኔም ነበረኝ» አለና ሕጉ ይህን ይላል ብሎ ሰሎሜ የነገረችውን ሁሉ ዘረዘረለት። አከፋፋዩ ግማሹን ለወጠለት። ለቀረው ግማሽ ሲከራከሩ ድምፃቸው ጎዳናው ድረስ ይሰማ ነበር። ከዚያ አዲስ ዕቃ ሊያነሳ ሲል ካርቶኑን በሙሉ አስከፍቶ፣ ባትሪውን አንድ በአንድ ሲያበራ፣ ጃንጥላውን አንድ በአንድ ሲዘረጋ፣ ጆጉን ውኃ ሲሞላ ዋለ። ከኋላው የቆመ ነጋዴ ሁሉ ሰደበው፤ ኋላ ግን እነሱም ማስከፈት ጀመሩ። አከፋፋዩ «ማን ነው ይህን ሰው ያበላሸው?» ብሎ ጠየቀ አሉ።

የፋሲካ ገበያ ዋለ፤ ሱቁ አልታሸገም። ከአምበርና ከመርጡለ ማርያም ሁሉ «ግዝት ያለበት ሱቅ የት ነው?» እያለ ሰው ጎረፈ። እኔ ሁሉንም ከበረንዳዬ ሆኜ አየሁ። ሰልፉ እስኪያልቅ ጠበቅሁ። ከዚያ ሣጥኔን ከፍቼ፣ ጨርቁን ፈትቼ፣ ሬዲዮዬን ይዤ መንገዱን ተሻገርኩ።

አያ ፋንታ ገና ሲያየኝ አወቀው። «ሥርጉት፣ አንቺም?»

«እኔም።»

«ስንት ዘመን ሆነው እኮ!»

«ብራናው ቀን አልጻፈም።»

ተነፈሰና ወደ መደርደሪያው ዞሮ አዲስ ሬዲዮ አወረደ። «ቆይ» አልኩት። «መጀመሪያ ሌላ ነገር ነው የምፈልገው። ያን ቀን ሰው ሁሉ እያለ ጥለሽው ነው ብለኸኛል።»

ሱቁ ውስጥ ሰው ነበር። ይርጋነሽም ነበረች። አያ ፋንታ ሬዲዮዬን ከእጄ ተቀብሎ፣ አቧራውን በጋቢው ጫፍ ጠረገና ድምፁን ከፍ አድርጎ «አልጣለችውም» አለ። «አቅፋው ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ። የማይረባ ዕቃ ነው የሸጥኩላት።»

እንባዬ መጣ። በሬዲዮ ጉዳይ ይለቀሳል ብሎ ማን ይገምታል? «በቃኝ፣ አያ ፋንታ። አዲሱን አልፈልግም» ብዬ ልወጣ ዞርኩ።

አያ ፋንታ ከባንኮኒው ኋላ ዘሎ ወጣና ደጃፉ ላይ ቆመብኝ። «ኧረ በማርያም! ብራናው ይመለሳል እያለ፣ አልወስድም ብለሽ ልታስወግዢኝ ነው?»

ተቀበልኩ። አላመነኝም፤ ሬዲዮውን መልሶ ነጠቀኝና ከፈተው፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ለቀቀው፣ እንደ ሕፃን አቀፈውና ራሱ መንገዱን ይዞት ተሻገረ። መሐል ላይ ሲደርስ ቆም ብሎ አዳመጠ። ይዘፍናል። ከስፌት መኪናዬ ጎን አስቀመጠው፤ ዘፈኑ እስኪያልቅም በረንዳዬ ላይ ቆሞ ጠበቀ።